የድሮ ተጎታች ቫኪዩም ክሊነር አጠጋገን፦ ከመሰካታችሁ በፊት ክፈቱት

ብዙ ሰው የድሮ ቫኪዩም ክሊነር እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ሶኬት ላይ ሰክቶ መሞከር ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ለዓመታት ጓዳ ውስጥ የቆመ ማሽን የሽቦው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ይሆናል። የኩሽኔታው ግራሶ ጠጥሮ ይሆናል። በትንሽ ወጪ የሚድን ሞተር በዚያች አንዲት ደቂቃ ሊቃጠል ይችላል። አርማቸሩ (የሞተሩ የሚሽከረከር ጥቅልል) ከተቃጠለ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ መለዋወጫው አይገኝም፣ ማስጠምጠሙም ውድ ነው።

እዚህ የማወራው ስለ ተጎታቾቹ ነው። ረጅም ቱቦ አላቸው፤ ሞተሩና ከረጢቱ መሬት ላይ ሆነው ከኋላችን ይከተሉናል። ይህን ቅርጽ ለዓለም ያስለመደው የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ ነው። አክሰል ቬነር-ግሬን ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1919 አቋቋመ። በ1921 የወጣው ሞዴል ቪ እንደ ሲሊንደር ተጋድሞ በሁለት የብረት መንሸራተቻዎች ላይ የሚጎተት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1937 ሞዴል 30 መጣ። ዲዛይነሩ ላረል ጊልድ ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት፣ ቆዳ የሚመስል ሽፋን፣ ሾጠጥ ያለ ቅርጽ አለው። ሙዚየም የገባ ማሽን ነው፤ ይገባዋልም። ስጽፍ በአእምሮዬ ያለው እሱ ነው። ሥራው ግን ለሌሎቹም ያው ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። የድሮ ማሽን «አይስብም» ሲባል ሁሉም ሞተሩን ይጠረጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ሞተሩ ላይ አይደለም። የደረቀ ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያፈስ የክዳኑን ዙሪያ የሚያሽግ ጎማ)፣ የተበሳ ቱቦ ወይም የታፈነ ከረጢት ነው። ሞተሩ እየሠራ አየሩ በሌላ በር ይገባል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት በቅደም ተከተል ሂዱ።

ሲገዙ ምን ይታያል

አሜሪካ ያላችሁ እንዲህ ያለ ማሽን በኢስቴት ሴልና በአሮጌ ዕቃ መሸጫዎች ታገኛላችሁ። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የእሑድ ገበያዎችን እዩ። ቀለሙ ቢጫር፣ ክሮሙ ቢደበዝዝ አትጨነቁ። ዋናው ሙሉ መሆኑ ነው። የቱቦው ጫፍና ጫፍ ያሉት የብረት መጋጠሚያዎች፣ የብረት ዘንጎቹ፣ የምንጣፉና የወለሉ አፎች፣ የከረጢቱ መያዣ አሉ ወይ? ሞተር ይጠገናል፤ የጠፋ መጋጠሚያ ግን ከሌላ ማሽን ካልተፈታ አይገኝም።

አፍንጫችሁንም ተጠቀሙ። ክፍቱን አፍ አሽትቱ። የአቧራ ሽታ ችግር የለውም። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ከሸተታችሁ ግን ዋጋውን ቀንሱ፣ ወይም ተዉት።

ከዚያ የብረት ሰሌዳውን አንብቡ። የአሜሪካው 115 ወይም 120 ቮልት ይላል፤ የአውሮፓው 220 ወይም 230 ነው። እነዚህ ሞተሮች ዩኒቨርሳል የሚባሉት ስለሆኑ በ50 እና በ60 ኸርዝ መካከል ያለው ልዩነት አያሳስባቸውም። ቮልቱ ግን ይገድላቸዋል። የአሜሪካውን ማሽን አዲስ አበባ አምጥታችሁ በቀጥታ 220 ላይ ብትሰኩት ወዲያው ይቃጠላል። ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል። ትራንስፎርመሩ ከማሽኑ ዋት በደንብ የበለጠ ይሁን። ለ600 ዋት ማሽን 1000 ዋት ያለውን ውሰዱ፤ ሞተር ሲነሣ ብዙ ይጎትታልና።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ መክፈትና ማጽዳት

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መልቲሜትር፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ የአቧራ ማስክና መነጽር አዘጋጁ። ለብሎኖቹ የእንቁላል ካርቶን ጥሩ ነው። በተፈቱበት ቅደም ተከተል በየጉድጓዱ ታስቀምጣላችሁ።

ሥራው ደጅ ይሁን። ውስጡ ያለው አቧራ ከእናንተ ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። በተጨማሪም በድሮ ጊዜ ለሙቀት መከላከያ አስቤስቶስ የተጠቀሙ ማሽኖች አሉ። ሞተሩ ዙሪያ ነጭ ወይም ግራጫ፣ እንደ ጥጥ የሚቦነን ነገር ካያችሁ አትነካኩት፤ በኮምፕሬሰርም አትንፉት። እንዳለ ትታችሁ በጥንቃቄ የሚያስወግድ ባለሙያ ፈልጉ።

ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። እያንዳንዱ ሽቦ ከመነቀሉ በፊት ሌላ ፎቶ አንሡ። ብሎኖቹ ብዙውን ጊዜ ከኋላው መከለያ ዙሪያ ወይም ከጎማ መከላከያው ሥር ናቸው። ብሎኑ እምቢ ካለ ጉልበት አትጨምሩ። ጠብታ ዘይት አድርጋችሁ ለአንድ ሌሊት ተዉት። ጭንቅላቱ የተላጠ ብሎን ግማሽ ቀን ይበላል።

ሞተሩ ከቀፎው ሲወጣ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች እዩ። ከደረቁ ወይም ከፈረሱ ማሽኑ የሚንቀጠቀጠውና የሚጮኸው በእነሱ ምክንያት ነው። ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ጎማ ቆርጦ መሥራት ቀላል ነው።

ሽቦና ማብሪያ

የድሮውን ገመድ ለማዳን አትሞክሩ። ውጩ ደህና ቢመስልም መታጠፊያው ላይ ውስጡ ፈራርሷል። ሙሉውን ቀይሩት። ለ220 ቮልት ባለ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ሁለት ክር ገመድ ይበቃል። አሜሪካ ከሆናችሁ 18 ጌጅ ውሰዱ። የጥንቱን መልክ የምትወዱ በጨርቅ የተሸፈነ አዲስ ገመድ ይሸጣል፤ ውስጡ ዘመናዊ ነው። እኔ ለእንዲህ ያለ ማሽን እሱን እመርጣለሁ፤ መልኩን ይጠብቃል።

ገመዱ ወደ ቀፎው በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ጎማ መኖር አለበት። ባዶ ብረት ላይ የሚፈተግ ገመድ አንድ ቀን ይላጣል። ውስጥ በኩልም ቋጥሩት ወይም በማሰሪያ ያዙት፤ ቢጎተት ኃይሉ የሽቦው መገናኛ ላይ እንዳያርፍ።

አሜሪካ ላይ የስፒናው አንዱ ምላስ ጠበብ ይላል፤ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በእሱ ነው። ያ ሽቦ መጀመሪያ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ይሂድ። እንዲያ ሲሆን ማሽኑ ሲጠፋ ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም። ኢትዮጵያ ያለው ስፒና ግን በሁለቱም አቅጣጫ ይሰካል። ስለዚህ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ከመንካታችሁ በፊት ንቀሉ።

በአውሮፓ ማሽኖች ውስጥ ከማብሪያው አጠገብ ትንሽ ካፓሲተር ልታገኙ ትችላላችሁ። የተቀመጠው ማሽኑ ሬዲዮ እንዳይረብሽ ነው። የድሮዎቹ በወረቀት የተሠሩ ናቸው፤ ከጊዜ ብዛት ይሰነጠቁና አንድ ቀን ጭስ አውጥተው ይፈነዳሉ። ቢሠራም ቀይሩት። አዲሱ ላይ «ኤክስ 2» የሚል ምልክት ይኑር። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል እንዲቀመጥ የተፈቀደው ዓይነት እሱ ነው። ከአንዱ ሽቦ ወደ ቀፎው የሚሄድ ካፓሲተር ካለ ደግሞ «ዋይ» የሚል ምልክት ያለው ያስፈልገዋል።

ሞተሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ሞተሩ በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ የሚዞር ነው። ትንሽ ስሕተት በዚያ ፍጥነት ትልቅ ትሆናለች።

ከካርቦኖቹ ጀምሩ። በአርማቸሩ ጫፍ ግራና ቀኝ ተቀምጠው በሞላ የሚገፉት ጥቁር ቁራጮች ናቸው። ከማውጣታችሁ በፊት የቱ የግራ የቱ የቀኝ እንደሆነ፣ ላይና ታቹንም ምልክት አድርጉ። ካርቦን በአንድ አቅጣጫ ተበልቶ ከኮሙቴተሩ ጋር ይላመዳል። ገልብጣችሁ ከመለሳችሁት ብልጭታ ያበዛል። ርዝመቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ካነሰ ቀይሩት። ሞላው ደክሞ እንደሆነም በጣት ገፋ አድርጋችሁ እዩ።

ትክክለኛው ካርቦን ካልተገኘ ለቫኪዩም፣ ለድሪል ወይም ለግራይንደር የተሠራ ትንሽ ተለቅ ያለ ገዝታችሁ በብርጭቆ ወረቀት ሞርዱት። መርካቶ ውስጥ በየዓይነቱ አለ። ማሳረፊያው ውስጥ ሳይጠብቅም ሳይወዛወዝም መንሸራተት አለበት። የመኪና ሞተሪኖ ካርቦን ግን እንዳትጠቀሙ። ለ12 ቮልት የተሠራ ስለሆነ መዳብ ይበዛበታል፤ ኮሙቴተሩን ይበላዋል።

ኮሙቴተሩ ካርቦኖቹ የሚያርፉበት ባለ መዳብ ክፍል ነው። ለስላሳ ቡናማ ቀለም ካለው ደስ ይበላችሁ። ያ የጤና ምልክት ነው፤ «ላብራው» ብላችሁ አትፈትጉት። በአልኮል የተነከረ ጨርቅ ይበቃዋል። ከጠቆረ ወይም ከተቦረቦረ 400 ወይም 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያዙና አርማቸሩን በእጅ እያዞራችሁ ቀስ ብላችሁ አለስልሱት። ለብረት የሚሆነውን ጥቁር ሸራ አትንኩ። ፍሬዎቹ መዳቦቹ መካከል ይሰነቀሩና ኤሌክትሪክ ያሻግራሉ። ከዚያ በመዳቦቹ መካከል ያሉትን ቀጫጭን ቦዮች በእንጨት ስንጥር ጥረጉ። እዚያ የተጠራቀመ የካርቦን ዱቄት የብዙ ብልጭታ ምክንያት ነው።

አሁን መልቲሜትሩን አንሡ። ጎን ለጎን ባሉ ሁለት መዳቦች መካከል ለኩ፤ ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ቀጣዩን። ዙሪያውን ሁሉ ተቀራራቢ ቁጥር መምጣት አለበት። አንዱ ቦታ በድንገት ከዘለለ ወይም ዜሮ ከሆነ ጥቅልሉ ተበጥሷል ወይም ተገናኝቷል። ከማንኛውም መዳብ ወደ ዘንጉ ደግሞ ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ ሞተር ለሚጠመጥሙ ባለሙያዎች ውሰዱት። ዋጋውን ጠይቃችሁ ከዚያ ወስኑ።

ቀጥሎ ኩሽኔታዎቹ። ዘንጉን በጣታችሁ አዙሩ። እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ፣ ወይም ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ይቀየሩ። ጤነኛ ቢመስሉም ሞተሩ ተፈትቶ ሳለ መቀየር ብልህነት ነው፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው። ቁጥሩ ጎናቸው ላይ ተጽፏል። በቫኪዩም ሞተሮች ላይ በብዛት የሚገኘው 608 ነው፤ የውስጡ ቀዳዳ 8፣ የውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር። የድሮ አሜሪካ ሠራሽ ግን በኢንች ሊሆን ስለሚችል በመለኪያ አረጋግጡ። ሁለት የብረት ክዳን ያለውን ዓይነት እመክራለሁ። የጎማ ክዳን ያለው በዚህ ፍጥነት ይፈተጋል፣ ይሞቃልም።

ኩሽኔታ በመዶሻ አይነቀልም። መጎተቻ ተጠቀሙ ወይም ጋራዥ ሄዳችሁ አስነቅሉ። ስትመልሱ ዘንግ ላይ የምትገፉት በውስጠኛው ቀለበት በኩል ነው። ቤቱ ውስጥ የምትገፉት ደግሞ በውጨኛው ነው። ከተሳሳታችሁ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍና አዲሱ ኩሽኔታ ሳይሠራ ይበላሻል።

ፋኖቹን ለማውጣት ዘንጉ ጫፍ ያለውን ዳዶ ትፈታላችሁ። ከመታገላችሁ በፊት አቅጣጫውን አስቡ፤ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ እንዳይፈታ በግራ የተጠረበ ሊሆን ይችላል። ፋንና ዘንግ ላይ በማርከር መስመር አስምሩ። በዚያው ቦታ ካልተመለሰ ሚዛኑ ሊዛባ ይችላል። የታጠፈ ክንፍ ካለ በጥንቃቄ አቃኑት፤ የተሰነጠቀ ካለ ግን ፋኑን ጣሉት።

ያለ ፋን ሞተሩን አታስነሡ። ይህ ዓይነት ሞተር የሚገታው ሸክሙ ነው። ሸክም ካጣ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄድና ራሱን ሊበታትን ይችላል።

የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ

አሁንም በቀጥታ አትሰኩ። ከማሽኑ ጋር በተከታታይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ አልፎ ወደ ማሽኑ እንዲደርስ፣ የድሮውን ባለ ክር አምፖል አያይዙ። ኤልኢዲ አይሆንም። 200 ዋት ካገኛችሁ ጥሩ፤ ካልሆነ ሁለት 100 ዋት ጎን ለጎን አድርጉ። ማሽኑ ውስጥ የተገናኘ ሽቦ ካለ የሚበራው አምፖሉ ነው፤ የሚነደው ነገር አይኖርም። ሁሉም ደህና ከሆነ አምፖሉ በርቶ ሞተሩ በዝግታ መዞር ይጀምራል፤ ፍጥነት ሲያገኝም አምፖሉ በመጠኑ ይደበዝዛል። አምፖሉ ሙሉ በሙሉ ደምቆ ሞተሩ ንቅንቅ ካላለ ነቅላችሁ ወደ መልቲሜትሩ ተመለሱ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ፈተና ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የድሮ ማሽኖች አካላቸው ብረት ሆኖ የመሬት ሽቦ የላቸውም። ውስጥ ያለው የሽቦዎቹ መከለያ ከደከመ ብረቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ይዞ ይጠብቃችኋል። በ500 ቮልት የሚለካ ሜገር (የሽቦ መከለያ ጥንካሬ መለኪያ) ያስፈልጋል። ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ ማብሪያውን እንደበራ አድርጋችሁ ከስፒናው ምላሶች ወደ ብረቱ አካል ለኩ። እንግሊዝ አገር ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የሚጠየቀው ትንሹ መጠን የመሬት ሽቦ ላለው 1፣ ለሌለው 2 ሜጋ ኦም ነው። ተራ መልቲሜትር ይህን አያሳይም። ሜገር ከሌላችሁ ያለው ኤሌክትሪሺያን ወይም ሞተር ጠምጣሚ ይለካላችሁ።

ካለፈም ቢሆን ሲሠራ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ በሚቆርጥ የአደጋ መከላከያ ሶኬት ላይ ይሁን። አሜሪካ ያለው በ5 ሚሊ አምፔር አካባቢ ይቆርጣል፤ የአውሮፓው ለሰው ሕይወት የሚሆነው 30 ሚሊ አምፔር ነው።

በሙሉ ኤሌክትሪክ ሲነሣ ካርቦኖቹ ሥር ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ማየት የተለመደ ነው። ኮሙቴተሩን ሙሉ ዙሪያ የሚከብ የእሳት ቀለበት ካያችሁ ግን አጥፉ፤ አርማቸሩ ችግር አለበት።

አየሩ በትክክለኛው በር ይግባ

ማሽኑ ሲታፈን ድምፁ ቀጭን እየሆነ ከፍ ይላል፤ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው «ሞተሩ ጨነቀው» ይላል። እውነቱ ተቃራኒ ነው። አየር ስለማይገፋ ሸክሙ ቀለለለት፤ ስለዚህ ፈጠነ። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። በእነዚህ ማሽኖች ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የሚስበው አየር ራሱ ነው። አየር ከቆመ ሞተሩ በራሱ ሙቀት ይበስላል። የሞላ ከረጢት ሞተር የሚገድለው እንዲህ ነው።

ይህን ድምፅ ለምርመራ ተጠቀሙበት። መጀመሪያ ያለ ቱቦ፣ የማሽኑን አፍ በመዳፋችሁ ዝጉ። ድምፁ በደንብ ከፍ ካለና መዳፋችሁን ካጣበቀ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ካልሆነ የፊት ክዳኑ ጓርኒሲዮን አየር ያፈሳል። ቱቦውን ገጥማችሁ የቱቦውን ጫፍ ዝጉ። አሁን ድምፁ ካልጨመረ ቱቦው ተበስቷል። ዘንጎቹን ጨምራችሁ ድገሙት። በዚህ መንገድ ጥፋቱ ያለበትን ቦታ ታጠባላችሁ።

ቀዳዳውን ለማግኘት እጣን አጭሱ። ማሽኑ እየሠራ፣ ጫፉ ተዘግቶ፣ ጭሱን በቱቦው ላይ ቀስ ብላችሁ አሳልፉ። ፍሙን ከቱቦው አርቁት፤ ጭሱ ብቻ ይቅረብ። ጭሱ ወደ ውስጥ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ቀዳዳ አለ።

የድሮ ቱቦ ውጩ የተሸመነ ጨርቅ፣ ውስጡ ጎማና የሽቦ ጥምዝ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከተበሳና ጫፉ አካባቢ ከሆነ ቆርጣችሁ መጋጠሚያውን መልሱ። ጎማው ሙሉ በሙሉ ደርቆ ከሆነ ግን መለጠፍ ድካም ብቻ ነው። አዲስ ቱቦ ገዝታችሁ የድሮዎቹን የብረት መጋጠሚያዎች ግጠሙበት። ለዚህ ነው መጋጠሚያዎቹን አደራ ያልኳችሁ።

ጓርኒሲዮኑን በምትቀይሩበት ጊዜ ውፍረቱ ከድሮው እንዳይበልጥ። በጣም ከወፈረ ክዳኑ በግድ ይዘጋል፤ ማንጠልጠያውም ይሰበራል።

ስለ ከረጢት፦ የጥንቶቹ የጨርቅ ከረጢት ነበራቸው። ገልብጣችሁ አራግፉ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በቀላል ሳሙና እጠቡ፣ በደንብ ሳይደርቅ አትመልሱ። ከ1950ዎቹ ወዲህ ያሉት ብዙዎቹ የአሜሪካ የብረት ኤሌክትሮሉክሶች «ስታይል ሲ» የሚባለውን የወረቀት ከረጢት ይወስዳሉ፤ ዛሬም ይሸጣል። ዕቃ ስትፈልጉ ግን የአሜሪካው ድርጅት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስሙን ወደ ኤረስ እንደቀየረ አስታውሱ። የዛሬው ኤሌክትሮሉክስ ሱቅ የድሮውን መለዋወጫ አያውቀውም።

መልኩ

መልኩን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት በምክንያት ነው። ያበራችሁትን ክሮም በግራሶ እጅ መልሳችሁ ታቆሽሹታላችሁ።

ዝገት የጀመረውን ክሮም በውሃ በራሰ የአሉሚኒየም ፎይል እሹት፤ ይለቃል። የሽቦ ብሩሽ ይጭራል። የአሉሚኒየም ክፍሎችን በበረኪና ወይም በምድጃ ማጽጃ አትንኩ፤ ይበላቸዋል፣ ያጠቁራቸዋልም። ቆዳ የሚመስለው ሽፋን ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል። የባክላይት ክፍሎችን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉ፤ በጣም ደቃቅ ማለስለሻ በጨርቅ አድርጋችሁ እሹ።

ቀለም ስለመቀባት የኔ አቋም ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ቀለም አብዛኛው ካለ ተዉት። ትንሽ መጫር የማሽኑ ዕድሜ ነው። የግድ ከቀባችሁ የብረት ሰሌዳውን አስቀድማችሁ ሸፍኑት፤ ሞዴሉና ቮልቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሲሠራበት

የታደሰ ማሽን ለመደርደሪያ ብቻ አይደለም፤ ሥሩበት። ውሃ፣ አመድና የጄሶ ዱቄት ግን አይሳብበት። ደቃቅ ዱቄት የድሮውን ከረጢት አልፎ በቀጥታ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ከረጢቱን ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ቀይሩ። ቱቦውን አጣጥፋችሁ አታስቀምጡ፤ በሰፊው ጠቅልላችሁ ስቀሉት። አዲስ ካርቦን ካስገባችሁ በመጀመሪያው ወር አንዴ ከፍታችሁ እዩ። ፊቱ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ከኮሙቴተሩ ጋር ተላምዷል። ከተቦጫጨረ ወይም አንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ ማሳረፊያውን አስተካክሉት።